የወርቁ ሎተስ ለዳይሬክተሩ፦ የህንድ ብሔራዊ ሽልማት ከደሴ ሲታይ

የህንድ መንግሥት በየዓመቱ በሚሰጠው ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ላይ ምርጥ ዳይሬክተር የሚቀበለው "ስዋርና ካማል" ይባላል፤ የወርቅ ሎተስ አበባ ማለት ነው። ብሔራዊ ሽልማቱ ራሱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ቢሆንም ለዳይሬክተር የተለየ ሽልማት የታሰበለት ቆይቶ ነው። የመጀመሪያው የተሰጠው ለ1967 ፊልሞች ሲሆን ለምርጥ ወንድና ሴት ተዋናይ መሸለምም የተጀመረው በዚያው ዙር ነበር። በ"ማዘር ኢንዲያ" ፊልም የምትታወቀው ናርጊስ በዚያ ዓመት ምርጥ ተዋናይት ተብላለች።

ለደሴ ሰው የህንድ ፊልም የሩቅ ነገር አይደለም። በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ስንገባ በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሎ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ተጽፎበት እናገኝ ነበር። መጋረጃውን ገለጥ አድርገን በአግዳሚው ላይ እንጠጋጋለን። ገና ሳይጀመር የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ "አክተሩ ማነው?" አክተር ማለት ለእኛ ዋናው ሰው ነው፣ የማይሞተው። ቦስ ደግሞ ጠላቱ። ፊልሙን ማን እንደሠራው የጠየቀ አንድም ልጅ አላስታውስም። የመጀመሪያዎቹ ስሞች በስክሪኑ ላይ ሲያልፉ እኛ ቦታ እየተጋፋን ነበር።

ሽልማቱ ክብሩን የሚያከፋፍለው ከእኛ በተለየ መንገድ ነው። የወርቁ ሎተስ የሚሰጠው ለዳይሬክተሩ ሲሆን ምርጥ ተዋናይ የሚወስደው የብሩን ሎተስ ነው። ዳይሬክተሩ ከሎተሱ ጋር የምስክር ወረቀትና ገንዘብ ይቀበላል፤ ገንዘቡ በቅርብ ዓመታት 300 ሺህ ሩፒ ደርሷል።

ዳይሬክተር ምን ይሠራል ለሚል የወሎ ሰው ከቅኝት የተሻለ ማስረጃ የለም። አንዱን ግጥም በባቲ ብታዜመውና በአምባሰል ብታዜመው ቃሉ ያው ነው፤ የሚሰማው ስሜት ግን ሌላ ነው። የፊልም ድርሰትም እንዲሁ ነው። ካሜራው የት እንደሚቆም፣ ተዋናዩ የቱ ጋ ዝም እንደሚል፣ የትኛው ምስል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ፣ ምን እንደማይታይ የሚወስን ሰው አለ። በቴአትር ቤት አዘጋጅ የምንለው ሰው ማለት ነው፤ በፊልም መንደር ዳይሬክተር የሚለው ስም ጸንቷል። በአገራችንም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የጉማ ሽልማት ለምርጥ ዳይሬክተር ራሱን የቻለ ዘርፍ አለው።

አመራረጡን በአጭሩ ለመግለጽ፦ ለውድድር የሚቀርበው ከጥር እስከ ታኅሣሥ ባለው የፈረንጅ ዓመት ውስጥ የህንድ የፊልም ምርመራ ቦርድ ፈቃድ የሰጠው ፊልም ነው፤ ቋንቋው የትኛውም የህንድ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። በየአካባቢው የተዋቀሩ ዳኞች ያጣራሉ፤ ማዕከላዊው ቡድን ይወስናል።

የአሸናፊዎቹን ስም ዝርዝር ሳነብ የገረመኝ ከቪዲዮ ቤት የማውቀው ህንድ እዚያ ውስጥ ብዙም አለመኖሩ ነው። ሙምባይ በህንድኛ የሚሠራው፣ ዘፈንና ጭፈራ የሞላበት ፊልም ከዝርዝሩ ጨርሶ የጠፋ አይደለም፤ ሳንጄይ ሊላ ባንሳሊ "ባጂራኦ ማስታኒ" በተባለው ግዙፍ የታሪክ ፊልም ለ2015 አሸንፏል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ግን ሽልማቱን በብዛት የወሰዱት በቤንጋሊኛና በማላያላም የሚሠሩ ዳይሬክተሮች ነበሩ፤ ደሴ ድረስ ያልመጡልን ፊልሞች ማለት ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ሳትያጂት ሬይ ነው። የካልካታ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ተወልዶ በ1992 ሞተ። ሽልማቱን የመጀመሪያውን ጨምሮ 6 ጊዜ ወስዷል። ወደ ፊልም የገባው ከማስታወቂያ ሥዕል ሥራ ነው፤ ትዕይንቶቹን አስቀድሞ በወረቀት ይስላል፣ የብዙ ፊልሞቹን ሙዚቃም ራሱ ደርሷል። ዳኞቹ የሸለሙት ከባድ ከባዱን ብቻ አይደለም። የ1968ቱ "ጉፒ ጋይን ባጋ ባይን" ከአያቱ ተረት የተወሰደ የልጆች ፊልም ነው፤ የ1974ቱ "ሶናር ኬላ" ደግሞ ራሱ ለልጆች ከጻፈው የምርመራ ልብ ወለድ የመጣ ነው።

የመጨረሻ ፊልሙ "አጋንቱክ" የ1991 ተሸላሚ ነው፤ ትርጉሙ እንግዳ ማለት ነው። ለ35 ዓመት ደብዛው ጠፍቶ የኖረ አጎት "ልመጣ ነው" ብሎ ለእህቱ ልጅ ደብዳቤ ይልካል። የልጅቷ ባል ይጠራጠራል፤ አስመሳይ ቢሆንስ? አጎት ገብቶ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ለልጁ ተረት ያወራል፤ ቤተሰቡ ደግሞ በየምክንያቱ ማንነቱን ይመረምራል። ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሻቸው አይጠየፍ ተብሎ በሚጠራባት ከተማ፣ "የእግዜር እንግዳ ነኝ" ያለ ሰው ማንነቱ ሳይጠየቅ እግሩ በሚታጠብበት አገር ላደገ ሰው ይህ ፊልም አንጀት ይበላል። ሬይ ጭቅጭቅና ጩኸት አላበዛበትም። ሰዎቹን ሳሎን ውስጥ አስቀምጦ ያነጋግራቸዋል፤ ሐፍረቱ ቀስ በቀስ በተመልካቹ ፊት ላይ ይወጣል።

ከደቡብ ህንድ የኬረላው አዱር ጎፓላክሪሽናን 5 ጊዜ አሸንፏል። የ1989 ፊልሙ "ማቲሉካል" ግድግዳዎች ማለት ነው። ታሳሪው ደራሲ ከግንቡ ማዶ ካለው የሴቶች እስር ቤት በምትመጣ ድምፅ ፍቅር ይይዘዋል። ሴትየዋ እዚያ መሆኗን ለማሳወቅ ደረቅ ጭራሮ ወደ ላይ ትወረውራለች፤ ጭራሮው ከግንቡ በላይ ብቅ ሲል እሱ ይሮጣል። እስከ መጨረሻው ፊቷን አናይም። ይህ የዳይሬክተር ውሳኔ ነው፦ የፊልሙን ተወዳጅ ሴት አለማሳየት። ከሴቶች የመጀመሪያዋ ተሸላሚ አፓርና ሴን ናት፤ በ1981 በመጀመሪያ ፊልሟ "36 ቾውሪንጊ ሌን" ወሰደችው።

ለእኔ ግን ከሁሉም ወደ ወሎ የሚቀርበው ምሪናል ሴን ነው። 4 ጊዜ ተሸልሟል። በ1979ኙ "ኤክ ዲን ፕራቲዲን" የቤተሰቡ እንጀራ በእሷ ደመወዝ ላይ የተንጠለጠለ ወጣት ሠራተኛ አንድ ማታ ሳትመለስ ትቀራለች። ካሜራው እሷን ፍለጋ አይሄድም፤ ከሚጠብቋት ጋር ያድራል። ጎረቤት ይንሾካሾካል፣ ወንድም ወደ ሆስፒታል ወደ ፖሊስ ይሮጣል። ጎህ ሲቀድ ትመጣለች፤ የት እንዳደረች ፊልሙ አይነግረንም። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ልጇ በፈረቃ የምትሠራ እናት ያንን ሌሊት ለመረዳት ትርጉም አያስፈልጋትም።

በቀጣዩ ዓመት ሴን በ"አካሌር ሳንዳኔ" እንደገና አሸነፈ፤ ርዕሱ "ረሃብን ፍለጋ" እንደ ማለት ነው። አንድ የፊልም ቡድን በ1943 ቤንጋልን የጨረሰውን፣ እስከ 3 ሚሊዮን ሕዝብ ፈጀ ተብሎ የሚገመተውን ረሃብ ሊቀርጽ ወደ ገጠር መንደር ይገባል። ከከተማ የመጡት ሰዎች የተራቡ ሰዎችን ፎቶ እያወጡ "የየትኛው ዓመት ነው?" እየተባባሉ ይገምታሉ። ለራሳቸው ቀለብ ከመንደሩ ገበያ ሲሸምቱ ዋጋው ይወደዳል፤ ረሃብ ሊቀርጹ የመጡት ለመንደርተኛው ጉሮሮ ችግር ይሆናሉ። ያስታወሱትን ሊረሱ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፤ ቁስላቸው ይነካል። በመጨረሻ ቡድኑ ሥራውን ሳይጨርስ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል።

ወሎም ካሜራ የያዘ እንግዳን ታውቃለች። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ የወሎ ገበሬ ወደ አስፋልቱ ዳርና ወደ ደሴ ሲፈስ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ብሪታንያ ውስጥ በቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን አስደነገጠ። ቆይቶ ደርግ ያንኑ ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። ንጉሡ በማግስቱ ከዙፋን ወረዱ። የተራበችው እናት በሁለቱም ፊልሞች ውስጥ ያችው እናት ናት፤ የተለወጠው ከእሷ ቀጥሎ እንዲታይ የተመረጠው ምስል ነው። ያን ምርጫ የሚያደርገው ሰው ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ሴን ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ነው ካሜራውን በተራበው ላይ ሳይሆን ሊቀርጹ በመጡት ላይ ያዞረው።

ይህ ፊልም በአማርኛ ተተርጉሞ ደሴ ላይ ቢታይ ደስ ይለኛል። ከፊት ወንበር ያንን ዘመን ያለፉት እናቶችና አባቶች ቢቀመጡ፣ ዋጋው ሲወደድ የሚታይበት የገበያ ትዕይንት ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሉ አጠገባቸው ሆኜ መስማት እፈልጋለሁ።