መስመሩ የሰፈር፣ ቪዲዮው የማን?

ኢንተርኔት ስንል ሁለት ነገር እናደባልቃለን። አንዱ መስመሩ ነው፤ ኬብሉ፣ አንቴናው፣ ራውተሩ። ሌላው በመስመሩ የሚመጣው ቪዲዮ፣ ዜናና መልእክት ነው። ከታች ያሉት አባባሎች አብዛኞቹ ከዚህ ድብልቅ የመጡ ናቸው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ፌስቡክ ከጠፋ ኢንተርኔት ጠፍቷል»

አልጠፋም። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ገደማ ከዓለም ጠፍተው ነበር። ጥፋቱ የሦስቱም ባለቤት የሆነው ድርጅት የራሱ ነው፤ በጥገና ላይ የተሰጠ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ዳታ ሴንተሮቹን (ኮምፒውተሮቹ ያሉባቸውን ማዕከሎች) ከውጭው ዓለም ቆረጣቸው። የተቀረው ኢንተርኔት ሥራውን አላቆመም።

«ኔትወርክ መዘርጋት የቴሌ ሥራ ብቻ ነው»

ስፔን ውስጥ ካታሎኒያ እንሂድ። ኩባንያዎች ፈጣን ኢንተርኔት ወደ ገጠር ለማስገባት አልቸኮሉም። ጉርብ በምትባል ትንሽ ቦታ የሚኖረው ራሞን ሮካ በ2004 ከጎረቤቶቹ ጋር ጣሪያ ላይ የዋይፋይ አንቴና መትከል ጀመረ። ጊፊ ኔት እንዲህ ተወለደ። በ2008 ፋውንዴሽን ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ፋይበርም ዘርግቷል። ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ የመገናኛ ነጥቦች አሉት። የሚገባ ሰው በራሱ ዕቃ ኔትወርኩን ያሰፋል፤ የሌላውም ትራፊክ (የሚመላለሰው ዳታ) በእሱ በኩል እንዲያልፍ ይፈቅዳል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ሒሳቡ ነው። በመስመሩ ላይ አገልግሎት የሚሸጡ ድርጅቶች ወጪውን በአጠቃቀማቸው ልክ ይካፈላሉ።

«የማኅበረሰብ ኔትወርክ በነጻ ነው»

ማን ይከፍላል ታዲያ? ደቡብ አፍሪካ ማንኮሲ ያለው ዜንዜሌኒ የነዋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ ኢንተርኔት ይሸጣል። ዋጋው ከሞባይል ኩባንያዎቹ ይረክሳል እንጂ ዜሮ አይደለም።

«ኔትወርኩ የኛ ከሆነ ከትልልቆቹ ድርጅቶች ተላቀናል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የጉርብ ሰው በራሱ ፋይበር ዩቲዩብ ሲከፍት ምን እንደሚቀርብለትና ምን እንደሚሰረዝ የሚወስነው የዩቲዩብ ባለቤት ጎግል ነው። መስመሩን መያዝ ይዘቱን መያዝ አይደለም።

ይዘቱም የሰፈር የሆነበት ቦታ ነበር፤ ሀቫና። ኤስኔት ይባላል። የኩባ ወጣቶች ከጣሪያ ጣሪያ ኬብልና አንቴና ዘርግተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተጠቃሚ አፈሩ። ከኢንተርኔት ጋር ጭራሽ አልተገናኘም። ጌሙም፣ ቻቱም፣ ክርክሩም እዚያው ከተማ ባሉ ሰርቨሮች ላይ ነበር። ፊልምና ሙዚቃ ደግሞ በየሳምንቱ በሃርድ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እኛ አገር ሞባይል ቤት ሄዶ ሚሞሪ እንደማስጫን ማለት ነው። ግን በ2019 መንግሥት አዲስ ደንብ አወጣ፤ ኤስኔት በመንግሥት ኮምፒውተር ክለቦች ሥር ገባ። መስመሩንም ይዘቱንም ይዘው ፈቃድ አልነበራቸውም።

«ለጎረቤቴ የላክሁት ፋይል ከአገር አይወጣም»

ሊወጣ ይችላል። ኬንያ ውስጥ በአንድ ወቅት ከናይሮቢ ወደ ናይሮቢ የሚላክ ኢሜይል በሳተላይት ባሕር ማዶ ደርሶ ይመለስ ነበር። በ2000 የኢንተርኔት አቅራቢዎቹ እዚያው የሚገናኙበት የጋራ ማዕከል ከፈቱ። የመንግሥቱ ቴሌኮም «መብቴ ተነካ» ብሎ ከሰሰ፣ ማዕከሉ ወዲያው ተዘጋ፣ እንደገና የተከፈተው በ2002 ነው። በ2020 ከአገሪቱ ትራፊክ 70 በመቶ ያህሉ ከውስጥ የሚገኝ ሆነ። ይህ ሁሉ የኬንያውያን ይዘት እንዳይመስላችሁ፤ ጎግልን የመሳሰሉ ድርጅቶች የይዘታቸውን ቅጂ ናይሮቢ ስላስቀመጡ ጭምር ነው።

«ያለ ኢንተርኔት ዊኪፔዲያ የለም»

አለ። ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን አውርዶ ያለ መስመር ያስነብባል። እንግሊዝኛው ከነፎቶው 100 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ አማርኛው በጣም ትንሽ ስለሆነ ተራ ፍላሽ ይበቃዋል። አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ በዋይፋይ ለሙሉ ክፍል ተማሪ ማካፈል ይቻላል። አዲስ የተጻፈው ግን በራሱ አይመጣም፤ አልፎ አልፎ መስመር ያለበት ሄዶ አዲሱን ቅጂ ማውረድ ያስፈልጋል።