የካምፐር ፍሪጅ በሶላር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከመብራት መስመር ርቆ በሚያድር ካምፐር (ማደሪያ በሆነ የጉዞ መኪና) ውስጥ ኤሌክትሪክ ከሚፈልጉ ዕቃዎች ሁሉ የፍሪጅ ጠባይ ለብቻው ነው። አምፖል ሰው ሲተኛ ይጠፋል፣ ስልክ ሲሞላ ይነቀላል። ፍሪጅ ግን ፀሐይ በሌለችበት ሌሊትም፣ ባለቤቱ በሌለበት ቀትርም ይሠራል። የፍሪጁን ሂሳብ አስተካክሎ የሠራ ሰው ሌላው ሁሉ ይቀለዋል። ፍሪጁን የሳተ ግን ጣሪያውን በፓነል ቢሸፍነውም ጠዋት የሚጠብቀው ባዶ ባትሪና የተበላሸ ምግብ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች የማነሳቸው አመለካከቶች ብዙ ገንዘብ ያስወጡ ናቸው፤ የአብዛኞቹም ሥር አንድ ይመስለኛል። ሰው ሂሳቡን ከፓነሉ ይጀምራል። መጀመር የነበረበት ግን ከፍሪጁ፣ ይልቁንም ወደ ፍሪጁ ከሚገባው ሙቀት ነው።

«ፍሪጄ 45 ዋት ነው፤ 100 ዋት ፓነል ይተርፈዋል»

እዚህ ላይ ዋትና ዋት-ሰዓት ተምታተዋል። ዋት ዕቃው በሚሠራበት ቅጽበት የሚስበው ኃይል ነው። ባትሪን የሚጨርሰው ግን ያ ዋት በሠራባቸው ሰዓታት ሲባዛ የሚመጣው ዋት-ሰዓት ነው።

50 ሊትር ያህል የሚይዝና በ12 ቮልት የሚሠራ የኮምፕረሰር ፍሪጅ (ማቀዝቀዣውን ጋዝ በሞተር እየጨመቀ የሚያቀዘቅዝ) እንውሰድ። ኮምፕረሰሩ ሲሠራ 45 ዋት ይስባል እንበል። ቀኑን ሙሉ አይሠራም፤ የተፈለገው ቅዝቃዜ ላይ ሲደርስ ያርፋል፣ ሙቀት ሲገባ እንደገና ይነሳል። አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት ቀን ከ24 ሰዓት ውስጥ 8ቱን ቢሠራ 360 ዋት-ሰዓት ይበላል። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ውስጡ ሲግል ግን ግማሹን ቀን ሊሠራ ይችላል፤ ያኔ ፍጆታው 540 ይደርሳል። ፍሪጁ ያው ነው፣ የተለወጠው በዙሪያው ያለው አየር ነው።

ፓነሉ ላይ የተጻፈው ቁጥርም በመፈተሻ ክፍል የተለካ ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን እያረፈበት፣ የሴሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ። ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ፓነል ከ60 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። የሲሊኮን ሴል ከ25 በላይ በጨመረ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.35 በመቶ ገደማ ያጣል፤ በ65 ዲግሪ 14 በመቶ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። አቧራው፣ በሽቦ ውስጥ የሚባክነው፣ ፓነሉ ወደ ፀሐይ ሳያዘነብል ጠፍጣፋ መተኛቱ በዚያ ላይ ይጨመራል። ከተጻፈው 70 በመቶውን ብናገኝና የቀኑ ብርሃን ከ4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ጋር ቢመጣጠን፣ 100 ዋት ፓነል የሚሰጠው 280 ዋት-ሰዓት ነው። 540 ለሚበላ ፍሪጅ 200 ዋት ፓነል ያስፈልጋል፤ ይህም ለፍሪጁ ብቻ ነው፣ መብራቱና ስልኩ ገና አልተቆጠሩም።

«12 ቮልት ላይ የሚሠራ ፍሪጅ ሁሉ ያው ነው»

ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ፍሪጅ የገዛ ሰው በፓነልም በባትሪም ሊያካክሰው አይችልም። በመኪና ውስጥ የሚገኙት ማቀዝቀዣዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ የሦስቱም አሠራር ጨርሶ የተለያየ ነው።

በጣም ርካሹ በቴርሞኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው። ፈረንሳዊው ዣን ፔልቲዬ በ1834 ባገኘው ክስተት ይሠራል፦ ኤሌክትሪክ በሁለት የተለያዩ ማስተላለፊያዎች መጋጠሚያ ሲያልፍ አንዱ ወገን ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይሞቃል። ቀላል ነው፣ ከማራገቢያው በቀር የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ነገር ግን ውስጡን ማቀዝቀዝ የሚችለው ከውጭው አየር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ነው። ውጭው 35 ዲግሪ ከሆነ ውስጡ 15 እና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ወተትና ሥጋ ግን 4 ወይም 5 ዲግሪና ከዚያ በታች ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ሳያርፉ ስለሚሠሩ 45 ዋት የሚስበው በቀን ከ1000 ዋት-ሰዓት በላይ ይበላል። ከኮምፕረሰሩ እጥፍ ኤሌክትሪክ ወስዶ ምግቡን አያድንም።

ሁለተኛው በጋዝም፣ በቤት መብራትም፣ በ12 ቮልትም ይሠራል የሚባለው የአብዞርፕሽን ፍሪጅ ነው። ባልትዛር ቮን ፕላተን እና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ስዊድናውያን ተማሪዎች በ1922 ስቶክሆልም ውስጥ የፈለሰፉት ሲሆን፣ አሞኒያን በሙቀት እያተነነ ያቀዘቅዛል። በጋዝ ሲሠራ ድምፅ የለውም፤ መኪናው ደልዳላ ቦታ ከቆመና ጋዝ ካለ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ላጥላላው አልፈልግም። ችግሩ ሰው 12 ቮልት የሚለውን መምረጫ አይቶ በሶላር ይሠራልኛል ማለቱ ነው። በዚያ መምረጫ ሙቀቱን የሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። 120 ዋት የሚስብ ማሞቂያ 24 ሰዓት ሲሠራ 2880 ዋት-ሰዓት ይበላል፤ ቀደም ብለን በሠራነው ሂሳብ ከ1000 ዋት በላይ ፓነል ይጠይቃል። መምረጫው የተሠራው መኪናው እየሄደ ሳለ ዲናሞው እንዲመግበው ነው።

በሶላር ለሚኖር ሰው ምርጫው ሦስተኛው፣ የ12 ቮልት ኮምፕረሰር ነው። ሲገዛ ይወደዳል። ልዩነቱ ግን በፓነልና በባትሪ በኩል ይመለሳል።

«ባትሪውን የሚጨርሰው በር መክፈት ነው»

ቤተሰብ የሚጨቃጨቅበት ጉዳይ ስለሆነ ሂሳቡን እስከ መጨረሻው ልሥራው። 50 ሊትር አየር የሚመዝነው 60 ግራም ገደማ ነው። በሩ ተከፍቶ ቀዝቃዛው አየር ሙሉ በሙሉ ወጥቶ 30 ዲግሪ የሆነ አየር ቢተካ፣ ያን አየር ወደ 5 ዲግሪ ለመመለስ የሚወጣው ሙቀት ግማሽ ዋት-ሰዓት እንኳ አይሞላም። አየሩ እርጥበት ቢኖረውና እርጥበቱ ውስጥ ገብቶ ውሃ ቢሆን እንኳ ከ2 ዋት-ሰዓት አይበልጥም። በቀን 20 ጊዜ ቢከፈት ቢበዛ 40 ነው።

አሁን 30 ዲግሪ የሆነ 10 ሊትር ውሃ በጠርሙስ ወደ ፍሪጁ እናስገባ። ወደ 5 ዲግሪ ለማውረድ መውጣት ያለበት ሙቀት 290 ዋት-ሰዓት ነው። ትንሽ ኮምፕረሰር በ1 ዋት-ሰዓት ኤሌክትሪክ ከ1 እስከ 1.5 ዋት-ሰዓት ሙቀት ቢያወጣ፣ ውሃው ብቻ ከ190 እስከ 290 ዋት-ሰዓት ያስከፍላል። ይህ ለቀዝቀዝ ያለ ቀን ካሰላነው ፍጆታ ከግማሽ በላይ ነው።

ስለዚህ ልጁን በሩን ለምን ከፈትክ ብሎ ከመቆጣት፣ ሞቃት ነገር መቼ እንደሚገባ ማሰብ ይጠቅማል። ከመነሳት በፊት ፍሪጁንም የሚገባበትንም ምግብ በቤት መብራት ማቀዝቀዝ፣ በመንገድ ላይ መጠጥ የሚጨመረው ፓነሉ በደንብ በሚሰጥበት በረፋዱ እንዲሆን ማድረግ፣ የበሰለ ምግብን ብዙ ሳይቆይ ግን ትኩሳቱ ወጥቶለት ማስገባት። ባትሪው ሞልቶ ፓነሉ ገና ሲሰጥ ፍሪጁን በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ማታ መመለስም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ውስጡ ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ራሱ ለሌሊቱ የተቀመጠ ስንቅ ይሆናል። አትክልቱ በረዶ እንዳይሠራ ብቻ ይታይ።

በር ከመክፈት ይልቅ የሚያሳስበው የበሩ ጎማ በደንብ አለመግጠሙና ኮንደንሰሩ፣ ማለትም ሙቀት የሚተፋው ክፍሉ፣ መተንፈሻ ማጣቱ ነው። ፍሪጁ ከውስጡ ያወጣውን ሙቀት በጀርባው ወይም በጎኑ ይተፋል። ቁም ሳጥን ውስጥ ከታፈነ የተፋውን ሙቀት መልሶ ይስበዋል፤ ኮምፕረሰሩም ዕረፍት ያጣል። ከታች ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት፣ ከላይ ሙቁ የሚወጣበት ቀዳዳ መክፈት ተጨማሪ ፓነል ከመግዛት ይቀድማል።

«100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 100 አምፒር-ሰዓት ይሰጣል»

አምፒር-ሰዓት የባትሪ የመያዝ ልክ ነው፤ በቮልቱ ሲባዛ ዋት-ሰዓት ይሆናል። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከሆነ የተጻፈበትን ሁሉ አይሰጥም። ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመከራል፤ 100 የተባለው 50፣ በዋት-ሰዓት 600 ያህል ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ግን ከያዘው 80 በመቶና ከዚያ በላይ ሳይጎዳ ይሰጣል፤ ባለ 12.8 ቮልቱ በድምሩ 1280 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ፀሐይ ለሁለት ቀን ብትጠፋ በቀን 540 የሚበላው ፍሪጅ 1080 ይፈልጋል። አንድ ባለ 100 ሊቲየም ልክ ይደርስለታል፤ በእርሳስ አሲድ 180 አምፒር-ሰዓት ያስፈልጋል።

ፍሪጅ በተለይ የእርሳስ ባትሪን የሚጎዳበት ሌላም መንገድ አለ። ይህ ባትሪ የመጨረሻውን 20 በመቶ የሚሞላው በጣም በዝግታ፣ በሰዓታት ነው። ፍሪጁ ሳያቋርጥ ስለሚስብ ፓነሉ ትንሽ ከሆነ ባትሪው ለሳምንታት ሙሉ ሳይሞላ ሊቆይ ይችላል፤ ባልሞላ ቁጥር በሳህኖቹ ላይ ሰልፌት እየደደረ ይሄዳል። በአንድ ክረምት የሚሞቱት ባትሪዎች ብዙዎቹ በዚህ የሞቱ ናቸው። የሞተር ማስነሻ ባትሪ ደግሞ ለአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም፤ መኪናውም አልነሳ ሊል ይችላል።

«ፍሪጁ በሌሊት ከጠፋ ባትሪው ሞቷል»

ባትሪ ከመቀየሩ በፊት ሽቦው ይለካ። ፍሪጁ ከባትሪው 5 ሜትር ቢርቅ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ሲመለስ 10 ሜትር ይጓዛል። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ 5 አምፒር ሲያልፍ 0.6 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። የሲጋራ መለኮሻ ሶኬቱ ልል ከሆነ ከዚያም በላይ ይጠፋል። ባትሪው 12.2 ቮልት እየሰጠ ሳለ ፍሪጁ ጋ የሚደርሰው 11.6 ነው። ብዙ ተንቀሳቃሽ ፍሪጆች የባትሪ መከላከያቸው ከፍተኛው ላይ ሲደረግ 11.8 ገደማ ላይ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ሲጠፋ ሽቦው ውስጥ የሚያልፍ ነገር ስለማይኖር ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ፍሪጁ ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ባለቤቱ ጠዋት ባትሪውን ሲለካ ደኅና ሆኖ ያገኘዋል።

መድኃኒቱ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ መሳብ ነው፤ ብክነቱ ወደ 0.15 ቮልት ይወርዳል። ፊውዙ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ ይሁን፤ ሽቦው መንገድ ላይ ቢላጥ እሳት የሚከላከለው እሱ ነው። በዳንፎስ፣ ኋላም በሴኮፕ ስም በሚሠሩት የቢዲ ኮምፕረሰሮች ላይ የምልክት መብራት ከተገጠመ፣ 1 ጊዜ ብልጭ እያለ መደጋገሙ የቮልቴጅ ማነስ ነው፤ 5 ጊዜ ከሆነ መቆጣጠሪያው ከመጠን በላይ ግሏል፣ የአየር መተንፈሻው ይታይ።

«የቤት ፍሪጅ በኢንቨርተር ማሠራት ይረክሳል»

ኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይር መሣሪያ ነው። አባባሉ አንዳንዴ እውነት ነው። ትልቅ ካምፐር፣ ብዙ ፓነልና ሰፊ የሊቲየም ባትሪ ያለው ሰው ቆጣቢ የቤት ፍሪጅ ቢገጥም አልቃወምም። የሚረሳው የኢንቨርተሩ የራሱ ፍጆታ ነው። ምንም ሳይሠራ 15 ዋት የሚስብ ኢንቨርተር በ24 ሰዓት 360 ዋት-ሰዓት ይበላል፤ ይህም አንድ ትንሽ የ12 ቮልት ፍሪጅ የሚኖርበት ነው። የቤት ኮምፕረሰር ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከመደበኛው 5 እጥፍና ከዚያም በላይ ሊስብ ስለሚችል ኢንቨርተሩ ያን መሸከም አለበት፤ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ሞገድም ንጹህ ሳይን፣ ማለትም እንደ ቤት መብራቱ ለስላሳ ይሁን፣ አለዚያ ሞተሩ ይግላል።

«ትንሽ ጥላ ትንሽ ነው የምትቀንሰው»

የፓነል ሴሎች በተርታ የተያያዙ ናቸው። የአንድ ቅርንጫፍ ወይም የጣሪያ መስኮት ጥላ ጥቂት ሴሎችን ቢሸፍን የረድፉ ምርት በሙሉ ሊወድቅ ይችላል። መኪናውን ጥላ ሥር ማቆም ፍሪጁን ይጠቅማል፣ ፓነሉን ግን ይገድለዋል። ለዚህ የሚሻለኝ በረጅም ሽቦ ወደ ፀሐይ የሚወጣ ተጣጣፊ ፓነል ነው፤ መኪናው ጥላው ውስጥ ይቆያል።

«ቮልት ሜትር ካለኝ የቀረኝን አውቃለሁ»

በሊቲየም አይታወቅም። ከሞላ ጎደል ሙሉ ሳለም፣ አንድ ሦስተኛው ሲቀርም 13 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ከዚያ መጨረሻው ላይ በድንገት ይወርዳል። የገባውንና የወጣውን አምፒር የሚቆጥር ባለ ሸንት መለኪያ መግጠም ያስፈልጋል። ፍሪጁ በእርግጥ በቀን ስንት እንደሚበላም የሚነግረው እሱ ነው።

«ብርድ ለሁሉም ጥሩ ነው፤ ፍሪጁም ያርፋል»

ፍሪጁስ ያርፋል። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ግን ሴሉ ከ0 ዲግሪ በታች ሳለ ቻርጅ ከተደረገ ለዘለቄታው ይጎዳል። ደኅና የተሠራ ባትሪ በዚያ ጊዜ ቻርጁን በራሱ ይዘጋል፤ ለፍሪጁ መስጠቱን ግን ይቀጥላል። ስለዚህ ውርጭ ባደረ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ፓነሉ ዜሮ ቢያሳይ የተበላሸ ነገር የለም። ባትሪውን ከመኪናው ሆድ ሥር ሳይሆን ሰው በሚተኛበት በሙቁ ክፍል ማስቀመጥ፣ ወይም ማሞቂያ ያለውን ባትሪ መግዛት ነው።