«የእኛ ሰው ግብር አይወድም» የምትሉ፣ እስኪ ረጋ በሉ

ሐምሌ ሲገባ ባሕር ዳር ላይ ሁለት ነገር አይቀርም። ዝናብና የግብር ወሬ። እኔ የምኖረው ለነጋዴ ሂሳብ እየሠራሁ ነው። እና በዚህ ወር ግሽ ዓባይ አካባቢ ቡና ልጠጣ ቁጭ ባልኩ ቁጥር አንዱ መጥቶ ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደማይከፍል፣ ለምን እንደማይከፍል ያስተምረኛል። ዘንድሮ ጨጓራዬን ስለላጡት ልጽፈው ነው።

ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርስ።

«ድሃ ግብር አይከፍልም።» ሳሙና ገዝቶ የማያውቅ ድሃ አሳዩኝ። 15 በመቶ ቫት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሁሉ ከፍሏል።

«ቫቱን መንግሥት ከኪሴ ወሰደብኝ።» ይሄ ደግሞ የነጋዴው ነው። ወንድሜ፣ ገንዘቡ የደንበኛህ ነው። አንተ ጋ ያደረው በአደራ ነው።

«ልማት ከታየ ሰው ይከፍላል።» በ2016 የተመረቀው የዓባይ ድልድይ ላይ ሁላችንም ፎቶ ተነሥተናል። ድልድዩን አይቶ ሽያጩን ከፍ አድርጎ ሊያሳውቅ የመጣ ደንበኛ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ሱቁ ፊት ለፊት ያለችው ቦይ ብትጠረግለት ይሻለው ነበር።

«የመንግሥት ሠራተኛ ታማኝ ግብር ከፋይ ነው።» ባለደሞዝ ጓደኞቼ በዚህ ሲኮሩ አያለሁ። ግብሩ እኮ እጃችሁ ሳይገባ ነው የሚቆረጠው። መቼ ተጠየቃችሁና! ሰው ሁሉ ሕግ አክባሪ ነው በሚባልበት በዴንማርክ የተሠራ አንድ ትልቅ ጥናት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። አሠሪው ወይም ባንኩ ለግብር ቢሮ ከሚያሳውቀው ገቢ የተደበቀው ከ1 በመቶ በታች ነበር። ሰውየው ራሱ ብቻ ከሚያሳውቀው ገቢ ግን 40 በመቶ ገደማ ተደብቆ ተገኘ። ሕዝቡ ያው ነው። ሽምብጥ ሰፈር ከግቢው ጀርባ ሁለት ሰርቪስ ቤት የሚያከራይ መምህር ጓደኛ አለኝ። «የኪራዩን ግብርስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እሱማ ሌላ ነው» ብሎ ሳቀ።

«ቅጣቱ ቢጠነክር ሁሉም ይከፍላል።» ይሄኛው ግማሹ እውነት ነው። እዚሁ አገራችን ለድርጅቶች ደብዳቤ ተልኮ ተሞክሯል፤ ውጤቱ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ለአንዱ ወገን «ኦዲት ልትደረግ ትችላለህ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሄደ። ለሌላው ግብር የዜግነት ግዴታ መሆኑን በትሕትና የሚያስረዳ ደብዳቤ ሄደ። ሁለቱም ያሳወቁት ግብር ጨመረ። ማስፈራሪያው የበለጠው በጥቂቱ ነው። አሜሪካ ሚኒሶታ ላይ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ተመሳሳይ የማስፈራሪያ ደብዳቤ ሲላክ ደግሞ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ጨመሩ፣ ሀብታሞቹ ቀነሱ። ወደ እኔ ቢጤ ሮጠው ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው። ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው።

«የእኛ ሰው ድሮም ግብር ጠል ነው። ጎጃም በ1960 ያደረገውን አታውቅም?»

አውቃለሁ። እናንተ ናችሁ ግማሹን የምታወሩት። ያኔ የእርሻ ገቢ ግብር የሚባል አዲስ አዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ መክፈል አዲሱ አልነበረም፤ አሥራትና የመሬት ግብር ሲከፍል ኖሯል። የፈራው መለካቱን ነው። ገማች ገብቶ ቃላድ፣ ማለትም የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ከጣለ ርስቴ ሊሄድ ነው አለ። ከአስተዳዳሪዎቹ ጋርም ቀድሞ ተቀያይሟል። አመፀ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን ተላከ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉም ተሠረዘ። እና ይሄ ግብር መጥላት ነው ወይስ ገማቹን አለማመን?

2009ን ደግሞ አስታውሱ። አዲስ የቀን ገቢ ግምት የመጣበት፣ ገማች ሱቅ ለሱቅ ዞሮ የቀን ሽያጭ የገመተበት ዓመት ነው። አዲስ አበባና ኦሮሚያ ውስጥ በአንዳንድ ከተሞች ሱቅ ተዘግቶ ነበር። እኔ ያንን ሐምሌ የማስታውሰው በአንዲት ደንበኛዬ ነው። ጥበብና ነጠላ ይሸጣሉ፣ ያኔ ዝቅተኛው የግብር ከፋይ ደረጃ በነበረው በደረጃ ሐ። ጎናቸው ሌላ ጥበብ ሻጭ አለች። ሱቁ ያው፣ ዕቃው ያው። ገማቾቹ እሳቸው ጋ የመጡት ቅዳሜ ነው፣ ገበያው ሲንጫጫ። ጎረቤታቸው ጋ ማክሰኞ፣ ዝንብ በምታንጎላጅበት ሰዓት። የቀኑ ግምት በዓመቱ የሥራ ቀን ሲባዛ የእሳቸው የጎረቤታቸውን እጥፍ ሆኖ ቁጭ አለ።

ደብተራቸውን አሳዩኝ። ደረጃ ሐ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም፤ እሳቸው ግን በልጃቸው ደብተር የየቀኑን ሽያጭ ይጽፉ ነበር። ምንም ያልሸጡ ቀን «የለም» ብለው ያልፋሉ። ሰኔ ላይ ብቻ አሥራ አንድ «የለም» ቆጠርኩ። ይዘነው ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። ቢሮው ውስጥ ያለው ልጅ ደብተሩን ሳይገልጠው «እማማ፣ ይሄ ሰነድ አይደለም» አላቸው። ወጥተን ባጃጅ ስንጠብቅ «ልጄ፣ ብሩ አይደለም ያንገበገበኝ። እሷ ከእኔ በምን ታንሳለች?» አሉኝ።

ከፈሉ። በቀጣዩ ዓመት ግን ደብተሩን ተዉት። «ማን ሊያየው ብዬ?» አሉ። ከዚያ በኋላ የሚነግሩኝን ሽያጭ እኔም አላምነውም።

እኚሁ ሴትዮ የእድር መዋጮ አንድ ወር አጓድለው አያውቁም። ዝናብ እየመታቸው ይሄዳሉ። እድሩ ቅዱስ ስለሆነ አይደለም፤ እድርም ይቀጣል፣ ስምም ያነባል። ግን ጎረቤት የሚከፍለውን እኩል ይከፍላሉ። ገንዘብ ያዡም ፊታቸው ቆሞ ሂሳብ ያወጣል፣ ይጠየቃል፣ ይሰደባል። ልዩነቱን ካላያችሁት ቡናውን እኔ ልክፈልና እንለያይ።

ለነጋዴዎቹ ደግሞ፣ በግምቱ አኩርፎ ቤት መቀመጥ ቅሬታ አይባልም። ውሳኔው የደረሳችሁን ቀን ወረቀቱ ላይ ጻፉት። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑ ካለፈ እኔም ምንም ላደርግላችሁ አልችልም። በቃል አታመልክቱ፤ በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። ደብተር ጻፉ፣ «የለም» ያላችሁበትንም ቀን። የቢሮው ልጅ ባይገልጠውም ቅሬታ ሰሚው ሊገልጠው ይችላል። የማሳወቂያ ቀናችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የደረጃ ሐ ሐምሌ 30 ያልቅ ነበር። ቀኑ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው የዓመቱን ወረቀት በፌስታል አንጠልጥሎ የሚመጣ ሰው አልቀበልም። አምናም ብያለሁ።