ህንድ ለትምህርት ለምትሄዱ፦ ስለ ሃይማኖትና ስለ ግብዣ በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ህንድ የትምህርት ዕድል ያገኘ ልጅ ቤተሰቡን ሲሰናበት ከሚሰማው ምክር ብዙው ስለ ሃይማኖት ነው። ቤታቸው እንዳትገባ፣ የሰጡህን እንዳትበላ፣ እምነትህን ጠብቅ። ምክሩ ከፍቅር ነው የሚመጣው። ግን ብዙው መሠረት የለውም፤ የሰማ ተማሪ ደግሞ ዶርሙን ዘግቶ ጎረቤቱን ሳያውቅ ይመረቃል።

«እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ሂንዱ ነው»

አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ 79.8 በመቶው ሂንዱ፣ 14.2 በመቶው ሙስሊም፣ 2.3 በመቶው ክርስቲያን፣ 1.7 በመቶው ሲክ ነበር። ሕዝቡ ያኔም ከ1.2 ቢሊዮን በላይ ስለነበር ሙስሊሙ ብቻውን ከ170 ሚሊዮን ይበልጥ ነበር፤ ይህ ከመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ በላይ ነው። ስለዚህ ሙስሊም ተማሪ ብቸኛ እሆናለሁ ብሎ አይስጋ። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት የዴልሂው ጃማ መስጊድ ግቢ ምግብ ይዘው መጥተው ጨርቅ አንጥፈው በተቀመጡ ቤተሰቦች ይሞላል።

«ኦርቶዶክስ እዚያ የለም»

ይሄኛው ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። የህንዷ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከእኛዋ ጋር በእምነት አንድ ናት። መሠረቷ በደቡብ ህንድ ያለው የኬረላ ግዛት ነው፤ ሐዋርያው ቶማስ በ52 እ.ኤ.አ. መጥቶ እንደሰበከ በትውፊት ይናገራሉ። በ1965 እ.ኤ.አ. አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ በጠሩት የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤ ላይም ከግብፅ፣ ከሶርያና ከአርመን ጋር አብራ ተቀምጣለች። ዴልሂ ውስጥ ሀውዝ ካስ ሰፈር የቅድስት ማርያም ካቴድራላቸው አለ። ቅዳሴው በብዛት በማላያላም ስለሆነ ቃሉን ባትሰሙም፣ ዕጣኑንና ወንድና ሴት በየጎናቸው መቆማቸውን ስታዩ ባዕድ ቦታ አይመስላችሁም። ፋሲካን የሚያከብሩት ግን በምዕራባውያን አቆጣጠር ስለሆነ ዐቢይ ጾማቸው በብዙ ዓመት ከእኛ ጋር አይገጥምም። ስለ ቁርባን ከመሄዳችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

«ሥጋ ስለማይበሉ ጾም እዚያ ይቀላል»

እዚህ ውስጥ ሁለት ስህተት አለ። አንደኛ፣ አብዛኛው ህንዳዊ ሥጋ ወይም ዓሣ ይበላል። ቤንጋልና ኬረላ ሂዱ፣ ያለ ዓሣ ማዕድ የለም። ሁለተኛው ስህተት ጿሚውን ነው የሚጎዳው። «ቬጅ» የተባለ ምግብ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል አይኑረው እንጂ ወተትና ቅቤ ሞልቶታል። ሱቅ ገብታችሁ የታሸገ ምግብ ብታነሡ ትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ አረንጓዴ ነጥብ ታያላችሁ፤ «ቬጅ» መሆኑን ነው የሚያሳየው። ያው ነጥብ ወተቱም፣ ቅቤውም፣ ፓኒር የሚባለው አይባቸውም ላይ አለ። ምስር ወጣቸው ላይ እንኳ ለማጣፈጫ የተነጠረ ቅቤ ጣል ይደረግበታል። ስለዚህ ስትጾሙ «ቬጅ ነው?» ብላችሁ አትለፉ፤ ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ ገብቶበት እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ።

«ሲኮች ጋር መብላት ለጣዖት የተሠዋ መብላት ነው»

ሲኮች አንድ አምላክ ነው የሚሉት፤ ጣዖትም የላቸውም። ሲኮች በብዛት የሚኖሩባት ፑንጃብ ግዛት የሚማሩ ልጆቻችን ብዙ ስለሆኑ ይሄን ደህና አድርገን ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል። ቤተ ጸሎታቸው ጉርድዋራ ይባላል፤ ለመጣ ሁሉ በነጻ የሚቀርበው ማዕድ ደግሞ ላንጋር። የፑንጃቧ ከተማ አምሪትሳር ያለው፣ ወርቃማው ቤተ መቅደስ የሚባለው ጉርድዋራ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያበላል፤ ሌሊትም አይዘጋም። ጫማችሁን ታወልቃላችሁ፣ ራሳችሁን በሻሽ ትሸፍናላችሁ፣ እግራችሁን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ትገባላችሁ። ከዚያ ሀብታም ድሃ ሳይባል ሁሉም ወለል ላይ በረድፍ ይቀመጣል፤ አስተናጋጁ በባልዲ ምስር ይዞ በየሰው ፊት እየጨለፈ ያልፋል፣ ቂጣ የሚያድለው ደግሞ ሁለት እጃችሁን እንድትዘረጉለት ይጠብቃል። ሃይማኖታችሁን የሚጠይቅ የለም። በልታችሁ ስትጨርሱ ሳህን ማጠብ ከፈለጋችሁም ቦታ ይለቀቅላችኋል፤ ሞክሩት፣ ከማታውቁት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆማችሁ ስትሠሩ ወሬው ራሱ ይመጣል።

ከሂንዱ ቤተ መቅደስ የሚመጣው ፕራሳድ ግን ይለያል፤ እሱ በእርግጥ ለአምላካቸው ቀርቦ የተመለሰ ነው። እምነታችሁ ካልፈቀደ ሁለት መዳፋችሁን ገጥማችሁ፣ ፈገግ ብላችሁ፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም በሉ። ሃይማኖት የሚያጠብቅ ሰው ይሄን ይረዳል። በዲዋሊ፣ በሂንዱዎች የመብራት በዓል፣ ጎረቤት የሚያመጣው ጣፋጭ ሁሉ ግን ፕራሳድ አይደለም፣ ብዙው ከሱቅ የተገዛ ነው፤ ሳትጠይቁ አትመልሱት።

«እንግዳ ወዳድ ስለሆኑ እንደ አገር ቤት ሁን»

እንግዳ መውደዳቸውስ እውነት ነው። ሻይ ሳትጠጡ መውጣት ከባድ ነው፣ በቃኝ ብትሉም ይጨመራል። በቀኝ እጅ መብላቱም አይከብደንም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በብዙ ቤት እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሳህን ነው የሚበላው፤ አፍ የነካው ምግብ ለሌላ ሰው አይሰጥም። በፍቅር ተነሥታችሁ ከሳህናችሁ ጠቅልላችሁ ብታጎርሱ እነሱ ይሳቀቃሉ። ከአንድ ጠርሙስ ውኃ ሲጠጡም ብዙዎቹ ከንፈር ሳያስነኩ ከላይ ያንቆረቁራሉ።

«ቤተ መቅደስ ሁሉ ለማንም ክፍት ነው»

የዴልሂው አክሻርድሃም ስልክና ካሜራ በር ላይ አስቀምጦ ለገባ ሁሉ ክፍት ነው። በምሥራቅ ህንድ ፑሪ ከተማ ያለው የጃጋናት ቤተ መቅደስ ግን ሂንዱ ያልሆነ አያስገባም። በር ላይ ከተመለሳችሁ አትከራከሩ፣ አይክፋችሁም።

«እንዲህ ደግ ከሆኑ ጥቁር ተማሪ ላይ ችግር አይደርስም»

ይደርሳል፤ መደበቅ አልፈልግም። በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ዴልሂ አጠገብ ባለችው ግሬተር ኖይዳ ውስጥ አፍሪካውያን ተማሪዎች በተሰበሰበ ሕዝብ ተደብድበዋል። በመልክ ብቻ ቤት የሚከለክል አከራይም አለ፣ ሥጋ ትበላላችሁ ብሎ የሚከለክልም አለ። ጓዳዋን የምትከፍትላችሁ እናትና በሩን የሚዘጋባችሁ አከራይ አንድ ሰፈር ውስጥ ይኖራሉ። ስለዚህ ቤት ስትፈልጉ ቀድሟችሁ እዚያ የኖረ ሐበሻ አብሯችሁ ይሂድ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ በፊትም ሥጋ ማብሰልና እንግዳ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ።