ጭስ ጭስ የሚለው ውስኪ፦ «ፒት» ምንድን ነው?

አንዳንዱ የስኮትላንድ ውስኪ ገና ወደ አፍንጫ ሲጠጋ ጭስ ጭስ ይላል። የአዮዲን ሽታ የሚያገኝበት፣ የባሕር አየር የሚሸተውም ሰው አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰው ብዙ ሰው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። አልተበላሸም። የሸተተው ፒት ነው።

ፒት ውሃ ያቆረ ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ፣ በደንብ ሳይበሰብስ የቀረ የእፅዋት ቅሪት ነው። መልኩ ጥቁር አፈር ይመስላል። በጡብ ቅርጽ ይቆረጥና ነፋስና ፀሐይ ካደረቀው በኋላ ለማገዶ ይውላል። ዛፍ እንደ ልብ በማይገኝባቸው የስኮትላንድ ደሴቶች ድሮ ቤት የሚሞቀውም ምግብ የሚበስለውም በሱ ነበር። ዛሬ በዚህ ጣዕም ስሟ የገነነው አይላ የምትባለው ደሴት ናት። ላፍሮይግ፣ አርድቤግና ላጋቩሊን የተባሉት ውስኪዎች የሚሠሩት እዚያ ነው።

ጭሱ ታዲያ ውስኪው ውስጥ እንዴት ገባ? ብዙ ሰው ከበርሜሉ ይመስለዋል። ከብቅሉ ነው። ሲንግል ሞልት የሚባለው የውስኪ ዓይነት የሚሠራው ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ ፋብሪካ ነው። ገብሱ ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ከዚያ ማደጉን እንዲያቆም ይደርቃል። ወሳኙ ሰዓት ይሄ ነው። ብቅሉ ገና እርጥብ እያለ ከሥሩ ፒት ይጨሳል፤ ጭሱ ውስጥ ያሉት ፌኖል የሚባሉ ሽታ ሰጪ ውህዶች ገለባው ላይ ይጣበቃሉ። አንዴ ከደረቀ በኋላ ቢያጨሱት እምብዛም አይቀበልም። የጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን እያየ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ፣ እኛ የምናጥነው ዕቃውን ነው፤ እነሱ እህሉን።

የጭሱ መጠን በፒፒኤም ይለካል፤ ከሚሊዮን እጅ ስንቱ ፌኖል እንደሆነ ማለት ነው። የአርድቤግ ብቅል 55 አካባቢ፣ የላጋቩሊን 35 አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር ብቻ አይታችሁ ግን አትግዙ። የሚለካው ብቅሉ እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አይደለም፤ ሲነጠር ብዙው ጠርሙሱ ሳይደርስ ይቀራል። ላጋቩሊንና ጎረቤቱ ካል ኢላ ጭሱ ተቀራራቢ የሆነ ብቅል ይጠቀማሉ። ስትቀምሷቸው ግን ላጋቩሊን ወፍራምና ከባድ፣ ካል ኢላ ቀለል ያለና ንጹሕ ነው።

ስትቀምሱ አትቸኩሉ። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ያዙ፤ አፍንጫችሁን ውስጡ አትክተቱ፣ አፋችሁን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ከላይ አሽቱት። የመጀመሪያዋ ጉንጭ ጭስና የአልኮል ማቃጠል ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ በሷ አትፍረዱ። በሁለተኛው ከጭሱ ሥር ያለው ብቅ ይላል፦ ማር፣ ሎሚ፣ ጨው ጨው የሚል ነገር። እኔ ፒት የምወደው ለዚህ ነው፤ ጭስ ብቻማ ቢሆን ኖሮ ምኑ ይጠጣል! ጥቂት የውሃ ጠብታ ጨምሩበት። ጓያኮል የተባለው የጭስ ሽታ ያለው ውህድ አልኮሉ ሲቀጥን ወደ ላይ እንደሚወጣ በ2017 ሁለት የስዊድን ኬሚስቶች በኮምፒውተር ስሌት አሳይተዋል። በረዶ ግን ይቅር፤ ቅዝቃዜ ሽታውን ያፍነዋል።

ዕድሜም ልብ በሉ። በርሜል ውስጥ በቆየ ቁጥር ጭሱ እየለዘበ ይሄዳል። ስለዚህ የምትፈልጉት ጭሱን ከሆነ ውዱን የ25 ዓመት ተዉትና የ10 ዓመቱን ግዙ።