ቡችላ መግራት፦ ከመጀመሪያው ሌሊት እስከ 8 ወር

ቡችላ መግራት ማለት ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ማስተማር ነው። የት እንደሚሸና፣ ምን እንደሚያኝክ፣ ሲጠራ እንዴት እንደሚመጣ፣ እንግዳ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ። ብዙ ሰው ይሄ ሥራ ውሻው ከፍ ካለ በኋላ የሚጀመር ይመስለዋል። ቡችላው ግን ግቢ ከገባባት ሰዓት ጀምሮ ይማራል፤ ብናስተምረውም ባናስተምረውም።

ከእናቱ ቢለይ የሚሻለው 8 ሳምንት ገደማ ሲሞላው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ዓይኑን በቅጡ ያልገለጠ ቡችላ መንገድ ዳር ሲሸጥ እናያለን። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። የንክሻን ልክ የሚያስተምሩት እናቱና ወንድሞቹ ናቸውና። አጥብቆ ሲነክስ ወንድሙ ይጮኻል፣ ጨዋታው ይቆማል፤ በዚያው ይማራል። ያለጊዜው የተለየ ቡችላ ይሄን ትምህርት በኛ እጅና ቁርጭምጭሚት ላይ ነው የሚጨርሰው።

ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በሜይን ግዛት ባር ሃርበር ውስጥ ለዓመታት ቡችላዎችን እያሳደጉ አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ሥራ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ወሳኝ መሆኑን አሳይተዋል። ቡችላ ማን ወገን፣ ማን ባዕድ እንደሆነ የሚለየው ያኔ ነው። ስለዚህ በነዚህ ሳምንታት ዓለምን ይይ። ነጠላ የለበሱ እናቶችን፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌዎችን፣ ጃንጥላ፣ ሞተር ሳይክል፣ እየተንጫጩ የሚሮጡ ልጆችን። ድምፅም ያስፈልገዋል። የቡሄ ጅራፍና የበዓል ርችት ስንቱን ውሻ አጥር አስዘልሏል! መጀመሪያ ከሩቅ ይስማ፤ እየሰማም የሚወደውን ነገር ይቅመስ።

ችግሩ በዚህ ዕድሜ ክትባቱ አለማለቁ ነው። የመጀመሪያው ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወሩ ነው። ፓርቮ የሚባለው ገዳይ ተቅማጥ ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። መላው ማቀፍ ነው። ቡችላውን አቅፎ ሰፈር መዞር፣ ሌሎች ውሾች የሚጸዳዱበት ቦታ ላይ ግን አለማውረድ።

ወደ ሽንት እንምጣ፤ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ቡችላ ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ በልቶ ሲጨርስና ተጫውቶ ሲያበቃ ይሸናል። መሬቱን እያሸተተ መዞር ከጀመረ ደቂቃ የለም። ያኔ አንስቶ ወደ ቦታው መውሰድ፣ ሲሸና ዝም ብሎ መጠበቅ፣ እንደጨረሰ እዚያው ማመስገን። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት ምንም አያስተምረውም። እኛን መፍራት ብቻ ይለምዳል፤ በኋላም ተደብቆ ከሶፋ ጀርባ ይሸናል። ወለሉን በሳሙና አጥቦ፣ በውሃ በቀጠነ አቼቶ መድገም ጥሩ ነው። ሽታው ካልጠፋ ተመልሶ እዚያው ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ያስለቅሳሉ፣ እሱንም እኛንም። የእናቱ ሽታ ያለበት ጨርቅ ይዞ መምጣትና ድምፃችን የሚሰማበት ቦታ ማስተኛት ይረዳል።

ማኘኩ ደግሞ ጥጋብ አይደለም። 28ቱ የወተት ጥርሶቹ በ4 ወር ገደማ መውለቅ ይጀምራሉ፤ በ7 ወሩ 42 ቋሚ ጥርስ ይኖረዋል። ድዱ ያሳክከዋል። የተቋጠረ ጨርቅ ስጡት። አሮጌ ጫማ ግን አትስጡት፤ አሮጌውን ከአዲሱ አይለይም።

ለትእዛዝ ዱላ አያስፈልግም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ? የሚማረውም በበላበት ነው። አተር የምታክል የተቀቀለ ሥጋ አፍንጫው ላይ ያዙና ቀስ ብላችሁ ወደ ጀርባው አቅጣጫ ውሰዷት። ጭንቅላቱ ሥጋዋን ተከትሎ ወደ ላይ ሲሄድ መቀመጫው በራሱ መሬት ይነካል። ልክ ሲነካ «ቁጭ!» በሉና ስጡት። በአንዴ ከ5 ደቂቃ አይብለጥ። ሁዳዴ ሆኖ ሥጋ ከቤት ከጠፋ ድርቆሽ ወይም የተቀቀለ ድንች ይበቃል። ወጥ የነካው ግን አይሁን። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያጠፋሉ።

ቋንቋችን ለዚህ ሥራ አንድ ፈተና አለው። የኛዋ ቡችላ ሴት ናት። እኔ «ነይ» እላታለሁ፣ አያቴ «ና» ይሏታል፣ ልጆቹ «ካም» ይላሉ። ለሷ ሦስቱም የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለማናችንም አልመጣችም። በመጨረሻ «ነይ» ላይ ተስማማንና ፍሪጁ ላይ ለጠፍነው። አያቴም ለመዱት። ሌላው ደንብ፣ ጠርቶ መቅጣት የለም። አንዴ ተጠርታ የተመታች ቡችላ ሁለተኛ ስትጠራ ታስብበታለች።

ብዙ ቤት ውሻ የሚያሳድገው ለጥበቃ ነው። ኃይለኛ እንዲሆን ተብሎም ቀን ሙሉ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ጆሮውን የሚቆርጡ አሉ። በርበሬ ካበሉት ይቆጣል የሚሉም አሉ። ይሄ ሁሉ የሚያፈራው ፈሪ ውሻ ነው። የፈራ ውሻ ደግሞ ሌባን ከጎረቤት ልጅ ሳይለይ ይነክሳል። ቤተኛውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ውሻ ግን ባዕድ ሲመጣ ማንም ሳያዘው ይጮኻል፤ ለግቢ ጥበቃ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

የእብድ ውሻ ክትባቱን ማዘግየት የጎረቤትም ጉዳይ ነው። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ሰውም ውሻም አይድንም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ባሌ ተራሮች ላይ ከውሾች የተዛመተው ይሄው በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም።

ከ6 እስከ 8 ወር አካባቢ ሁሉም ነገር የተረሳ ይመስላል። «ነይ» ስትባል አይታ ታልፋለች። ጉርምስና ነው፤ ተስፋ አይቆረጥም። ረጅም ገመድ አንገቷ ላይ አስሮ፣ ሥጋውን ኪስ ውስጥ ይዞ፣ ከግቢው በር «ነይ»ን እንደ አዲስ መጀመር ነው።