የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻና ጆሯችን፦ በልማድ የሚባለውና እውነታው

ኤምፒስሪም ይሁን ሜሞሪ የሚገባባት ትንሽዬ የመዝሙር ወይም የቁርኣን ማድመጫ፣ አሮጌ አይፖድም ይሁን ሲም ካርድ የወጣለት ስልክ፣ ሁሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ በኢርፎን ሲደመጡ ድምፁ የሚወጣው ከጆሮ ታምቡር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ስለ እነዚህ ዕቃዎች ከሰው ሰው የሚተላለፉ ምክሮች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ያለምክንያት ያስፈራራሉ፤ የባሱት ደግሞ ሊያስፈራ የሚገባውን ነገር ቀላል ያስመስላሉ።

«ካላመመኝ አልጎዳኝም»

ጆሮ በድምፅ ብዛት የሚታመመው 120 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) አካባቢ ሲደርስ ነው። ጉዳቱ ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ፣ በ80ዎቹ ውስጥ ይጀምራል። በመካከሉ ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ ሙዚቃው ደስ ይላል፣ ጆሮም ምንም ምልክት አይሰጥም።

የሚጎዳው ክፍል በውስጠኛው ጆሮ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፅ ባለው ጠመዝማዛ ቱቦ ውስጥ ነው። እዚያ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሴሎች የድምፁን ንዝረት ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጣሉ። የዶሮ ጆሮ የሞቱበትን እንዲህ ያሉ ሴሎች መልሶ ያበቅላል፤ የሰው ጆሮ ግን አያበቅልም። በጩኸት መጀመሪያ የሚጠቁት ከ3,000 እስከ 6,000 ኸርዝ ያለውን ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው። ስለዚህ ሰውዬው ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ሰው ሲናገር ይሰማል፣ ግን «ሰራ» እና «ፈራ» አይለዩለትም፤ ወሬ በበዛበት ቤት ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋበታል። «ይሰማኛል፣ ግን አይለይልኝም» የሚል ሰው የጆሮ ምርመራ ያስፈልገዋል።

«ቮልዩሙ ከ60 በመቶ ካላለፈ ችግር የለውም»

ይህ ምክር በቅን ልብ የሚሰጥ ነው፤ ማጫወቻው ላይ ያለው 60 በመቶ ግን የድምፅ መለኪያ አይደለም። የሚነግረን ቁልፉ የት እንዳለ ብቻ ነው። ጆሮ ላይ የሚደርሰው ድምፅ በማጫወቻው ጉልበት፣ በኢርፎኑ ዓይነትና በፋይሉ ቀረጻ ይወሰናል። በአንድ ሚሊዋት የኤሌክትሪክ ጉልበት 100 ዴሲቤል የሚሰጠውን ኢርፎን ነቅላችሁ 115 የሚሰጠውን ብትሰኩ (ከማሸጊያው ላይ «ሴንሲቲቪቲ» የሚለውን እዩ) ቁልፉን ሳትነኩ ድምፁ በ15 ዴሲቤል አካባቢ ሊያድግ ይችላል።

15 ዴሲቤል ምን ያህል ነው? 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ይሆናል፤ ያለጉዳት ልንሰማው የምንችለው ጊዜም በግማሽ ያጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። በ83 ከሆነ 20 ሰዓት፣ በ86 ከሆነ 10፣ በ89 ከሆነ 5 ሰዓት፣ በ92 ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በ95 ደግሞ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሆናል። ይህም የሳምንቱ ጠቅላላ ድርሻ ነው እንጂ የአንድ ቀን አይደለም። ኢርፎን በመቀየር ብቻ የ40 ሰዓቱ አበል ወደ አንድ ሰዓት ከሩብ ወረደ ማለት ነው።

ለልጆች ልኩ ከዚህም ያነሰ፣ በሳምንት 40 ሰዓት በ75 ዴሲቤል ነው። «ከ85 ዴሲቤል አያልፍም» ተብሎ የሚሸጥ የልጆች ሄድፎን በዚህ ስሌት በሳምንት 4 ሰዓት ገደማ ብቻ የሚያስኬድ ነው። ወላጆች ግን ጽሑፉን አይተው ቀኑን ሙሉ የሚፈቅድ ይመስላቸዋል። በአውሮፓ ገበያ የሚሸጡ ማጫወቻዎች 85 ዴሲቤል ሲያልፉ ማስጠንቀቂያ እንዲያሳዩ፣ ጣሪያቸውም 100 እንዲሆን የሚያዝ ደንብ አለ። ያለ ስም የሚሸጠው ርካሽ ማጫወቻ ግን ይህን ማሟላቱን የምታውቁበት መንገድ የለም።

መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው የሚሠራ ዘዴ ይህ ነው። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ኢርፎኑን አድርጉና ቮልዩሙን ከዜሮ ጀምራችሁ በቀስታ ጨምሩ። የግጥሙ ቃላት ያለ ጥረት በሚለዩበት ቦታ ላይ አቁሙና ቁጥሩን ያዙ። ማጫወቻው የቮልዩም ገደብ ማስቀመጫ ካለው እዚያው ላይ ቆልፉት፤ ከሌለው ቁጥሩን በፕላስተር ጽፋችሁ ከኋላው ለጥፉት። ኢርፎን በቀየራችሁ ቁጥር ልኩን እንደ አዲስ ውሰዱ።

«የሚጎዳው ጭፈራ ነው፣ መዝሙርና ስብከት ጆሮ አያበላሽም»

ጆሮ የሚቆጥረው ጉልበትና ጊዜን ነው። ከበሮው የክለብ ይሁን የማኅሌት፣ ድምፁ መንዙማ ይሁን ትምህርት፣ በ92 ዴሲቤል ሦስት ሰዓት ከተሰማ የሳምንቱ አበል አልቋል። እንዲያውም ስብከትና ትረካ የሚያዳምጡ ሰዎች በቀን ለረጅም ሰዓት ስለሚያዳምጡ ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል። ኢርፎን አድርጎ የሚተኛ ሰው ደግሞ የሌሊቱን ስድስትና ሰባት ሰዓት ከቁጥር አያስገባውም። የእንቅልፍ ሰዓት ቆጣሪ (ስሊፕ ታይመር) ካለ 30 ደቂቃ ላይ ሙሉት።

«ድምፁን አንዴ አስተካክያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አልነካውም»

እኛ ዘንድ ይህ ነገር ከሌላው ይብሳል። አንዱ ሜሞሪ ላይ ከካሴት የተገለበጠ የድሮ ዘፈን፣ ከስልክ የተቀዳ የሠርግ ዜማና በዘመናዊ ስቱዲዮ እስከ ጫፍ ተጨምቆ የወጣ አዲስ ነጠላ ዜማ ተደባልቀው ይገኛሉ። በመካከላቸው የ10 ወይም የ15 ዴሲቤል ልዩነት ቢኖር አይደንቅም። አድማጩ ድምፁ ዝቅ ላለው የካሴት ቅጂ ብሎ ቮልዩሙን ከፍ ያደርጋል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ አዲሱ በዚያው ከፍታ ጆሮው ላይ ይፈነዳል።

መፍትሔው ፋይሎቹን አስቀድሞ እኩል ማድረግ ነው። ኤምፒስሪጌይን የሚባለው ነጻ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የፋይሎቹን ከፍታ ለክቶ፣ ካልነካችሁት በ89 መጠን፣ ያስተካክላቸዋል፤ የድምፁን ጥራትም አይቀንስም። ፎልደሩን ሙሉ አስገቡ፣ መጀመሪያ እንዲለካ እዘዙ፣ ቀጥሎ «ትራክ» በሚለው እኩል አድርጉ፣ ከዚያ ወደ ሜሞሪው ገልብጡ። (ያ 89 የፕሮግራሙ የራሱ ማነጻጸሪያ ነው፤ ጆሯችሁ ላይ የሚደርሰው ዴሲቤል እንዳይመስላችሁ።) ዘፈን ጫኝ ቤት የምታስጭኑ ከሆነም ይህን እንዲሠሩላችሁ ጠይቁ፤ ከባድ ሥራ አይደለም።

ሌላ ልማድም ያዙ፤ ቮልዩሙን መጀመሪያ ዝቅ አድርጉ፣ ማጫወቻውን ክፈቱ፣ ኢርፎኑ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ይሁን።

«ጫጫታ ሲበዛ ከፍ ማድረግ ነው እንጂ ምን ይደረጋል?»

በተጨናነቀ መንገድ ዳር ወይም በአሮጌ ሚኒባስ ውስጥ ጩኸቱ 80 ዴሲቤል አካባቢ መድረሱ የተለመደ ነው። ሙዚቃው ከዚያ በላይ ወጥቶ እንዲሰማ ወደ 89 ይገፋል። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት በታክሲ የሚሄድ ሰው በአምስት የሥራ ቀን 10 ሰዓት ያዳምጣል፤ በ89 የተፈቀደው ግን 5 ነበር። በጉዞ ብቻ የሳምንቱን አበል ሁለት እጥፍ ጨረሰ ማለት ነው።

ስለዚህ የውጪውን ጩኸት መቀነስ ይሻላል። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ባለ ጎማ ኢርፎን በትክክል ከተገጠመ ይህን ያደርጋል። ብዙ ሰው ግን ማሸጊያው ውስጥ ያሉትን ትንሽና ትልቅ ጎማዎች ሳይሞክር ይጥላቸዋል። አገጣጠሙ እንዲህ ነው፦ በተቃራኒው እጅ የጆሮን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፣ ጎማውን አስገቡ፣ ጆሮውን ልቀቁ። ባሱ (ወፍራሙ የሙዚቃ ድምፅ) ጎልቶ ከተሰማና የራሳችሁ ድምፅ እንደ ታፈነ ከሆነ ገጥሟል። ባሱ ከጠፋ ጎማው ልካችሁ አይደለም።

«ኖይዝ ካንስሊንግ (የውጪ ጫጫታ የሚያጠፋ ኢርፎን) ተጨማሪ ድምፅ ስለሚረጭ ጆሮን ሁለት ጊዜ ይጎዳል» የሚለውም ስሕተት ነው። መሣሪያው የሚያወጣው ድምፅ የውጪው ተቃራኒ ስለሆነ ሁለቱ ተደምረው ይጠፋፋሉ፤ ጆሮ የሚደርሰው ግፊት ይቀንሳል። በደንብ የሚሠራውም እንደ አውሮፕላንና እንደ ሞተር ባለ ወፍራምና ተከታታይ ድምፅ ላይ ነው፤ የወያላውን ጥሪ ብዙም አያጠፋውም።

«በአንድ ጆሮ ብቻ ካደረግሁ መንገድ ላይ አደጋ የለውም»

ድምፅ ከየት እንደመጣ የምናውቀው ሁለቱ ጆሮዎች የሚሰሙትን በማነጻጸር ነው። አንዱ ሲዘጋ ጥሩምባ መኖሩን እንሰማለን፣ ከቀኝ ይሁን ከግራ ግን እርግጠኛ አንሆንም። በዚያ ላይ በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሙዚቃ ደከም ስለሚል ሰው ሳያስበው ከፍ ያደርገዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ እሱ ደግሞ በዝግታ ሲሄድ የሞተር ድምፅ የለውም። መንገድ ስትሻገሩ ሁለቱንም አውጡ።

«ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ካደረ ይፈነዳል፤ አዲስ ሲገዛ ደግሞ 8 ሰዓት መሞላት አለበት»

ሁለቱም ከድሮ የኒኬል ባትሪ ዘመን የተረፉ ናቸው። የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ ጤናማ ማጫወቻ ራሱ መሙላቱን ያቆማል። ትንሽ ባትሪ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ይበቃዋል፤ እስኪያልቅ ጠብቆ መሙላትም አያስፈልግም። ለወራት የማትጠቀሙበት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ አስቀምጡት።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው። ሙቀት መውጫ ሲያጣ ባትሪው ይጎዳል፤ ትራስ ሥር ወይም ብርድ ልብስ ውስጥ አትሙሉት፣ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥም አትተዉት። ጀርባው ያበጠ፣ መስታወቱ የተነሳ ማጫወቻ ባትሪው ጋዝ ሞልቶበታል። መሙላት አቁሙ፣ አትጫኑት፣ አትብሱት፤ የማይቀጣጠል ዕቃ ላይ አድርጋችሁ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት።

ከሁሉ የምንፈራው ግን ሶኬት ላይ እየተሞላ ባለ ሽቦ ኢርፎን ጆሮ ላይ ማድረግን ነው። ቻርጀሩ የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 5 ያወርዳል፤ ሁለቱን የሚለየው በውስጡ ያለው መከለያ ብቻ ነው። ርካሽ ቻርጀር ውስጥ ያ መከለያ ስስ ነው፤ ሲበሳ 220ው በሽቦው በኩል በቀጥታ ወደ ራስ ይሄዳል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ደግሞ የደከመውን መከለያ ለመብሳት ምቹ ጊዜ ነው። እየተሞላ ማዳመጥ ካስፈለጋችሁ ከፓወር ባንክ ሙሉት፤ ፓወር ባንኩ ራሱ ግን ሶኬት ላይ አይሁን።

«ኢርፎን መብረቅ ይስባል»

አይስብም። ነገር ግን መብረቅ ሰውን ከመታው ሽቦውና ላቡ ኤሌክትሪኩን ወደ ጆሮ ይመሩታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የሕክምና ዘገባ ካናዳ ውስጥ አይፖድ አድርጎ ሲሮጥ ስለተመታ ሰው ይናገራል፤ ሽቦው ያለፈበት ቆዳ ተቃጥሏል፣ ሁለቱም የጆሮ ታምቡሮች ተቀድደዋል፣ መንጋጋውም ተሰብሯል። በክረምት ብልጭታውን አይታችሁ 30 ሳትቆጥሩ ነጎድጓዱ ከደረሰ ቤት ግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

«ጨረር አለው» እና የልብ መሣሪያ

ባለ ሽቦ ኢርፎን የሬዲዮ ማሰራጫ የለውም። የብሉቱዝ ኢርፎን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ጥቂት ሚሊዋት ነው፤ ጆሮ ላይ ከተለጠፈ ስልክም በብዙ ያነሰ ነው። የልብ ምት ማስተካከያ (ፔስሜከር) ያላቸው ሰዎች ግን ስለ ኢርፎኑ ማግኔት ማወቅ አለባቸው፤ ደረት ላይ ሲያርፍ የመሣሪያውን ሥራ ሊያውክ ይችላል። ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ አንገት ላይ ማንጠልጠልና ደረት ኪስ ውስጥ መክተት ይቅር።

«ጆሮዬ ጭው ሲል ኩክ ስለሞላ ነው፣ ዘይት ልጨምርበት»

ከረጅም ማዳመጥ በኋላ የሚመጣ ጭውታ ወይም መደንቆር ከታምቡሩ ጀርባ የሚገኙት ሴሎች መጎዳታቸውን የሚያሳይ ነው። ዘይትም ሆነ የጤና አዳም ጭማቂ ከታምቡሩ አልፎ እዚያ አይደርስም፤ ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ያመረቅዛል። ኩክን በጥጥ እንጨት መጎርጎርም ወደ ውስጥ መግፋት ነው። መጽዳት ያለበት ኢርፎኑ ነው፦ ጎማውን አውልቃችሁ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ እጠቡ፣ ፍጹም እስኪደርቅ ጠብቁ፣ የኢርፎኑን ወንፊት ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አራግፉ። መርፌ አታስገቡ፤ ገላ ታጥባችሁ ጆሯችሁ ሳይደርቅም አታድርጉት።

ጭው ካለ ጆሮውን ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ከኢርፎን አሳርፉት። ወደ ልኩ ቢመለስም ያ ቮልዩም በዝቷልና ዝቅ አድርጉት። በሁለተኛው ቀን ካልተወ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ሂዱና የመስማት ምርመራ (ኦዲዮሜትሪ) ጠይቁ። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ግን ሁለተኛውን ቀን አትጠብቁ፤ ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነውና በዚያው ቀን ሂዱ።